ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስን የሠራው ስቱዲዮ ለምን ተዘጋ?

ኮደር ከአዳማ

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ሣይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሶፍትዌር ተማሪ ነኝ። ማታ ማታ ዶርም ውስጥ ከልጆች ጋር ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 እንጫወታለን፤ በገበሬ አገር ገንብተህ ጦር የምታዘምትበት ስትራቴጂ ጌም ነው። የምንጫወተው የድሮውን ነው፣ ከሰው ሐርድ ዲስክ የተገለበጠውን። ላፕቶፖቻችን ከዚህ በላይ አይችሉም።

ጌሙ ሲከፈት ኤንሰምብል ስቱዲዮስ የሚል ስም ይመጣል። እነማን ናቸው ብዬ ፈልጌ ሳነብ በ2009 ተዘግተዋል። ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ጌሙ እስከ ዛሬ አዲስ ነገር እየተጨመረበት ይሸጣል። የሠሩት ሰዎች ቤት ግን የለም። ከስረው ነው? ተጣልተው ነው?

ሌላም የምጠይቀው አለ። እኛም አራት ልጆች ሆነን በኔትወርክ የሚሠራ ትንሽ ስትራቴጂ ጌም ልንጀምር ነው። እነሱ ሲጀምሩ ምን ነበራቸው? ታሪካቸውን የሚያውቅ ሰው ካለ ዘርዘር አድርጎ ቢያጫውተኝ ደስ ይለኛል። ለማንበብ አልሰንፍም።

ባለኔትወርክ

ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቅክ። እኔ ድሮ ፍራንኮ አካባቢ ኢንተርኔት ቤት ነበረኝ። ኢንተርኔቱ ሲመጣም ሲሄድም ነበር። ቤቱን የሚሞላው ግን ኔትወርክ ጌም ነው። ኤጅ 2 በየኮምፒውተሩ ተጭኖ ነበር። ከትምህርት ቤት የሚወጡ ልጆች ይመጣሉ፤ አመሻሽ ላይ የባንክ ሠራተኞች ይመጣሉ፤ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ሁሌ አንድ ወንበር የሚይዝ ሹፌርም ነበር። ይሄን የመሰለ ነገር ማን ሠራው ብዬ ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። እስካሁን አልተውኩም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

ኤንሰምብል ከጌም አይደለም የተነሣው። ዳላስ፣ ቴክሳስ ውስጥ ቶኒ ጉድማን የሚባል ሰው ኤንሰምብል ኮርፖሬሽን የተባለ ድርጅት ነበረው። ለሌሎች ድርጅቶች የዳታቤዝ ሶፍትዌር ይሠራሉ። ደህና የሚያበላ ሥራ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ግን ጌም መሥራት አማራቸው። ወንድሙ ሪክ ጉድማን ገባ፣ ብራያን ሱሊቫን ገባ። ከዚያ ብሩስ ሼሊ መጣ። ይሄ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ሼሊ ቀደም ሲል ማይክሮፕሮዝ የተባለ የጌም ኩባንያ ውስጥ ከታዋቂው የጌም ሠሪ ከሲድ ማየር ጋር ሬይልሮድ ታይኩንን (1990) እና ሲቪላይዜሽንን (1991) ሠርቷል። ከዚያም በፊት አቫሎን ሂል የሚባል የቦርድ ጌም አሳታሚ ጋር ነበር።

ስለዚህ "ምን ነበራቸው?" ላልከኝ፣ የወር ደሞዝ የሚያወጣ ሌላ ሥራ ነበራቸው። ሌላው ደግሞ ጌም ጀምሮ የጨረሰ ሰው መሃላቸው ነበር። ብዙ ቡድን የሚጎድለው ሁለተኛው ነው። መጀመርማ ማንም ይጀምራል።

ሐሳባቸው ቀላል ነው። ሲቪላይዜሽን ታሪክ አለው፤ ግን አንዱ ተጫውቶ ሌላው ይጠብቃል። ዋርክራፍት እና ኮማንድ ኤንድ ኮንከር ደግሞ መጠበቅ የለም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሮጣል፤ የሰው ልጅ ታሪክ ግን የለበትም። እነሱ ሁለቱን አገናኙ። በሥራ ላይ እያለ ስሙ ዶውን ኦፍ ማን ነበር። በ1997 ማይክሮሶፍት አሳተመውና ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሆኖ ወጣ።

ሼሊ ስለ ታሪክ ጥናታቸው የተናገረው ነገር ደስ ይለኛል። ለጌም ጥልቅ ምርምር አያስፈልግም፤ ጥሩው ማጣቀሻ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከልጆች መጻሕፍት ክፍል ነው ይላል። ተጫዋቹ ፈረሰኛ ሲያይ ፈረሰኛ መሆኑን ወዲያው ማወቅ አለበት። ፈተና አይደለም የገባው።

ሌላው ልማዳቸው ደግሞ ጌሙን ራሳቸው መጫወታቸው ነው። ፕሮግራመር ብቻ አይደለም፤ ሠዓሊውም፣ ቢሮ የሚሠራውም ተጫውቶ አስተያየት ይሰጣል። የተሠራው ነገር አሰልቺ ከሆነ ያወጡታል። በኤጅ 2 ውስጥ የምናያቸው ትንንሽ ነገሮች ከዚህ የመጡ ይመስለኛል። ሥራ የፈታ ገበሬ የሚፈልግልህ ቁልፍ፣ ገበሬውን ሁሉ ወደ ውስጥ የሚጠራው ደወል፣ ለወዳጅ ተከፍቶ ለጠላት የሚዘጋው በር በመጀመሪያው ኤጅ ላይ አልነበሩም። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስበው ገበሬው ጫካ ውስጥ ተረስቶበት የተናደደ ሰው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልግባ፣ ወደ ኔትወርኩ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሠኝ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ስምንት ሰው ይጫወታል። እያንዳንዱ እስከ ሁለት መቶ ሰው ያሰማራል። ያ ሁሉ ሰው በየሰከንዱ የት እንዳለ በኔትወርክ ብትልክ ምን ይሆናል? እነሱ መጀመሪያ ያነጣጠሩት በ28.8 ሞደም (በሰከንድ 28.8 ኪሎቢት ብቻ በሚያሳልፈው)፣ በስልክ መስመር ላይ፣ 16 ሜጋባይት ራም ባለው ፔንቲየም 90 ነው። በዚያ መስመር የእያንዳንዱን ሰው ቦታና ሁኔታ እልካለሁ ካልክ፣ በእነሱ ስሌት ቢበዛ 250 ተንቀሳቃሽ ነው የምትችለው። አንድ ደህና ጦርነት እንኳ አያስችልም።

ስለዚህ ቦታውን አይልኩም። የሚልኩት ትእዛዙን ብቻ ነው። "እነዚህ ቀስተኞች ወደዚያ ይሂዱ" የሚለው ብቻ ይተላለፋል። ከዚያ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ሙሉውን ዓለም ለብቻው ያሰላል። ሁሉም ከአንድ ነገር ተነሥተው አንድ ዓይነት ትእዛዝ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ከፈጸሙ፣ ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ጦርነት ይታያል። ጊዜውን በትንንሽ ተራ ከፋፈሉት፤ አንዱ ተራ በተለምዶ 200 ሚሊሰከንድ ነው። አሁን የሰጠኸው ትእዛዝ የሚፈጸመው ከሁለት ተራ በኋላ ነው። በዚያች ክፍተት ትእዛዙ ለሁሉም ይደርሳል። ፖል ቤትነር እና ማርክ ቴራኖ በ2001 ይሄን ሁሉ ዘርዝረው ጽፈውታል። የጽሑፉ ርእስ ራሱ 1500 ቀስተኞች በ28.8 የሚል ነው። አራታችሁም አንብቡት።

አንድ የሚገርም ነገር አገኙ። ሰው መዘግየትን ይለምዳል። እስከ ሩብ ሰከንድ ቢዘገይ ጭራሽ አያስተውለውም። ሁሌም ግማሽ ሰከንድ ቢሆን እንኳ እጁን ከዚያ ጋር ያስማማል። አንዴ ፈጥኖ አንዴ ሲንቀራፈፍ ግን ይበሳጫል። ስለዚህ ፈጣን ከማድረግ ይልቅ እኩል ማድረግን መረጡ። ይሄን ሳነብ ለኢንተርኔቱም ለሕይወቴም መልስ ያገኘሁ ነው የመሰለኝ፤ ደንበኞቼ ሲያማርሩ የኖሩት ስለ ዝግታው ሳይሆን ስለ መቆራረጡ ነበር።

በዚህ አሠራር ሁሉም የሚሄደው በደካማው ኮምፒውተር ፍጥነት ነው። በር አጠገብ፣ አቧራ የሚበላት አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ነበረችኝ። እሷ ላይ ሰው ከተቀመጠ ጦርነቱ በሙሉ ይንቀራፈፋል። ልጆቹ ይሄን አውቀው "በር ላይ ማንም እንዳይቀመጥ" ይሉ ነበር።

ደግሞ ማጭበርበር ይከብዳል። አንዱ ልጅ ፕሮግራም አስገብቶ ወርቁን ቢጨምር፣ የእሱ ዓለም ከሌሎቹ ጋር አይገጥምም። ጌሙ "አልተመሳሰለም" ብሎ ይቆማል። ካርታውን ገልጦ ማየት ግን ይችላል፤ ሙሉው ዓለም እኮ በእሱም ማሽን ውስጥ አለ።

ባግ (የፕሮግራም ስሕተት) መፈለጉ ግን መከራ ነው። ራሳቸው የጻፉት ምሳሌ አለ። ካርታው ሲፈጠር አንዲት አጋዘን በአንዱ ኮምፒውተር ላይ በጥቂቱ ዞራ ትቆማለች። ማንም አያያትም። ትንሽ ቆይታ ለግጦሽ ሌላ አቅጣጫ ትይዛለች። ከደቂቃዎች በኋላ አዳኙ መንገዱ በትንሹ ይለያል፣ ጦሩ ይስታል፣ ሥጋ ሳይዝ ይመለሳል። አንዱ ጋ ምግብ አለ፣ ሌላው ጋ የለም። ዓለሞቹ ተለያዩ። የተሳሳተው ግን አጋዘኗ የቆመችበት የመጀመሪያው ቅጽበት ነው። ወደ ኋላ ሄደህ እሱን ፈልግ እንግዲህ።

የቀረውን አጠር ላድርግልህ። ኤጅ 2 በታሰበለት ጊዜ አልደረሰም፤ በመሃል በ1998 ራይዝ ኦፍ ሮም የተባለው ተጨማሪ ወጣ። ኤጅ 2 በ1999፣ ኮንከረርስ በ2000 ወጡ። በ2001 ማይክሮሶፍት ስቱዲዮውን ገዛው። ኤጅ ኦፍ ሚቶሎጂ በ2002፣ ኤጅ 3 በ2005 ተከተሉ። ከዚያ ለማይክሮሶፍት የጌም ማሽን፣ ለኤክስቦክስ 360፣ ሄሎ ዎርስን መሥራት ጀመሩ፤ ሄሎ የማይክሮሶፍት ታዋቂ የተኩስ ጌም ነው። መስከረም 2008 ላይ ማይክሮሶፍት ይሄ ጌም ሲያልቅ ቤቱ ይዘጋል አለ። ጥር 2009 መጨረሻ ላይ ተዘጋ። ሄሎ ዎርስ ገበያ ላይ ሲውል የሠራው ስቱዲዮ የለም።

አልከሰሩም ወንድሜ። ጌሞቻቸው በሚሊዮን ነው የተሸጡት። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል። እንዲህ አብሮ መሥራት የለመደ ቡድን በገንዘብ አይገዛም። በአንድ ደብዳቤ በተኑት።

ቁጥር አይዋሽም

ባለኔትወርክ በደንብ ጽፈሃል፤ የመጨረሻው ላይ ግን ልለይህ። ማይክሮሶፍትን ብቻ መውቀስ ልክ አይመስለኝም።

ከኤጅ 3 በኋላ ኤንሰምብል ውስጥ የነበረውን ሥራ ተመልከት። ሄሎ ዎርስ አለ። እሱ ራሱ ሲጀመር የሄሎ ጌም አልነበረም፤ ስትራቴጂ ጌም በኤክስቦክስ መቆጣጠሪያ ይሠራል ወይ የሚል ሙከራ ነበር፤ የሄሎ ስም በኋላ ነው የተጨመረበት። ጎን ለጎን በሄሎ ዓለም ላይ ብዙ ሺህ ሰው በኢንተርኔት አብሮ የሚጫወተው ታይታን የተባለ ትልቅ ፕሮጀክት ነበራቸው፤ ተሰረዘ። ሌሎችም ያልወጡ ሙከራዎች ነበሩ። የኤጅ 3ን ሁለተኛ ተጨማሪ፣ ኤሽያን ዳይናስቲስን፣ በ2007 ከቢግ ሂዩጅ ጌምስ ጋር ነው የሠሩት፤ የራሳቸው እጅ ሞልቶ ነበር።

ትልቅ ደሞዝ የሚከፈለው ቤት ሆኖ፣ በብዙ ዓመት አንድ ጌም ከወጣ፣ ባለቤቱ ቁጥሩን ማየቱ አይቀርም። ውሳኔው ትክክል ነው አላልኩም። ግን መነሻው 2008 አይደለም፤ 2001 ነው። የሸጡ ዕለት "ቀጥሎ ምን እንሥራ?" የሚለውን ጥያቄ አብረው ሸጡት። ጠያቂው ወጣት ይሄን ቢይዝ እወዳለሁ። አሁን አራት ስለሆናችሁ ሩቅ ይመስላል። ግን ጌሙ የማን ነው፣ አንዱ ቢወጣ ድርሻው ምን ይሆናል፣ ስሙ የማን ነው የሚለውን ዛሬ በወረቀት ጻፉ። ፍቅር እያለ ነው የሚጻፈው።

ቡድኑ ተበተነ ላልከው ደግሞ፣ ብዙዎቹ አብረው ነው የወጡት። ሮቦት ኢንተርቴይንመንት የተባለውን አቋቋሙና ኦርክስ መስት ዳይን ሠሩ። ሌሎቹ ቦንፋየር ስቱዲዮስን ከፈቱ፤ ዚንጋ የተባለ የጌም ኩባንያ በ2010 ገዛው። ያ የአጋዘኗን ታሪክ የጻፈው ፖል ቤትነር ሳይዘጋ በፊት ወጥቶ ከወንድሙ ጋር ኒውቶይን መሠረተ፤ ሰዉ ሁሉ በስልኩ የተጫወተው ወርድስ ዊዝ ፍሬንድስ የነሱ ነው። ሪክ ጉድማንማ ገና ከመጀመሪያው ኤጅ በኋላ ነው የወጣው፤ ስቴንለስ ስቲል ስቱዲዮስን መሥርቶ በ2001 ኢምፓየር ኧርዝን አወጣ። ብራያን ሱሊቫንም በኋላ አይረን ሎርን መሥርቶ ታይታን ኩዌስትን ሠራ፣ በ2006።

ኮደር ከአዳማ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሽ ባለኔትወርክ፣ የጻፉትን ለልጆቹ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የአጋዘኗ ነገር ሁላችንንም ዝም አሰኘን፤ ምክንያቱም የኛ አሠራር ቦታ መላክ ነበር። ሰው ሲበዛ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ አሁን ገባን።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። ኤጅ 2 ላይ ኢትዮጵያ አለች አይደል? ስቱዲዮው በ2009 ከተዘጋ ማን ነው ያስገባት?

ቀስተኛዋ

ይሄን እኔ ልመልስ፤ ከኢትዮጵያ ውጭ ይዤ አልጫወትም።

ኤንሰምብል ከተዘጋ በኋላ ጌሙን በሕይወት ያቆዩት ተጫዋቾቹ ናቸው። ጥቂት አፍቃሪዎች ተሰብስበው ፎርጎተን ኢምፓየርስ የሚል ተጨማሪ ሠሩ። ማንም አልቀጠራቸውም፤ በትርፍ ጊዜያቸው ነው። በ2013 ማይክሮሶፍት ኤችዲ የተባለውን፣ ምስሉ የጠራውን የኤጅ 2 እትም ሲያወጣ፣ የነሱ ሥራ ዘ ፎርጎተን ተብሎ በዚያው ዓመት ሕጋዊ ተጨማሪ ሆነ። እነሱም ስቱዲዮ ሆኑ። በ2015 አፍሪካን ኪንግደምስ ወጣ። ኢትዮጵያ፣ ማሊ፣ በርበሮችና ፖርቱጋል የገቡት ያኔ ነው።

መጀመሪያ የከፈትኩ ቀን ገበሬዋን ጠቅ አደረግኳት፤ በአማርኛ መለሰችልኝ። ደነገጥኩ። ጠረጴዛውን ያዝኩ። ሌላ ገበሬ ጠቅ፣ ወታደር ጠቅ፣ አሁንም አማርኛ። እናቴን ከጓዳ ጠርቼ አሰማኋት። "ምን እያለች ነው?" ሳይሆን "የት ሆና ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

አጨዋወቱን ለማታውቁ፣ ኢትዮጵያ የቀስት አገር ናት። ቀስተኞቻችን ከሌላው ፈጠን ብለው ይወረውራሉ። ወደ ቀጣዩ ዘመን ስትሻገሩ ወርቅና ምግብ በነፃ ይጨመርላችኋል። የራሷ ወታደር ባለሾተል ነው። ሲመታ ይጎዳል፣ ቶሎ ይመረታል፣ ግን የጠላት ቀስት አይቋቋምም፤ ሜዳ ላይ ብቻውን አትልኩት። እኔ ከኋላ የጠላት ገበሬ ላይ ነው የምለቀው። የዮዲት ጉዲት ዘመቻም አለ። ታሪኩን እንደፈለጉ አድርገው ነው የሠሩት፤ ቢሆንም ስሟን ሰምቶ የማያውቅ ስንት የውጭ አገር ልጅ ዛሬ ያውቃታል።

በ2021 ደግሞ ኤጅ 3 ላይ አፍሪካን ሮያልስ በሚለው ተጨማሪ ኢትዮጵያና ሐውሳ ገቡ። እዚያ ሴባስቶፖል መድፍ አለ። የቴዎድሮስን መድፍ ራሴ ስተኩስ ያለቀስኩ ሰው ነኝ። አላፍርበትም።

ኤጅ 4ን በ2021 የሠራው ሬሊክ የተባለ የካናዳ ስቱዲዮ ነው። ደህና ጌም ነው። እኔ ግን ኤጅ 2 ላይ ቀረሁ።

ለኮደርም አንድ ነገር ልበል። ጌማችሁ ከዚህ ይሁን። ቅኔ ጌምስ አዲስ አበባ ሆኖ ኩኩሉንና ገበጣን ሠርቷል፤ ሰው በስልኩ ተጫውቶታል። እናንተም አዋሽን፣ የጨው ነጋዴውን፣ የግመል ቅፍለቱን ካርታ ላይ ብታስገቡ የምጫወተው መጀመሪያ እኔ ነኝ።

ባለኔትወርክ

እህቴ ቀስተኛዋ፣ ያን ሁሉ ዓመት ሌላ አገር ይዘን ስንጫወት ኖረን ባለሾተሉን ሳየው የተሰማኝን አንቺ ጻፍሽው። አመሰግናለሁ።

ቁጥር አይዋሽም፣ የድርሻ ወረቀቱን ነገር እቀበላለሁ። ልጆቹ ያድርጉት። መበተናቸው ላይ ግን አልቀየርም። ከአንዱ ቤት ብዙ ትንንሽ ቤት ወጣ፤ ከነዚያ አንዱም ሌላ ኤጅ አልሠራም። ሮቦት ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ኦንላይንን ጀምሮት ነበር፤ እሱም ወደ ጋዝ ፓወርድ ጌምስ ተላለፈ።

ኮደር፣ ወደ እናንተ ሥራ እንመለስ። አሠራራችሁን ወደ ትእዛዝ መላክ ከቀየራችሁ ከመጀመሪያው ቀን ልትይዙት የሚገባ ነገር አለ።

በነጥብ የሚጻፍ ቁጥር፣ ፍሎት የምትሉትን፣ በጌሙ ስሌት ውስጥ አታስገቡ። የተለያየ ፕሮሰሰርና ኮምፓይለር በመጨረሻዋ አሃዝ ላይ ሊለያይ ይችላል፤ አጋዘኗን የሚያዞራት እሱ ነው። ሙሉ ቁጥር ተጠቀሙ። አንድ ሜትርን 1000 ብላችሁ ያዙት፣ አለቀ። ዕጣ የሚያወጣው ፋንክሽን ሁሉም ጋ ከአንድ ቁጥር ይነሣ። ለስክሪን ማሳመሪያ፣ ለጭስና ለአቧራ የምትጠቀሙበት ዕጣ ደግሞ ሌላ ይሁን፤ ሁለቱን ካቀላቀላችሁ ጭስ ያየው ልጅ ዓለሙ ይለያያል። ወታደሮቹን የምታስሉበት ቅደም ተከተልም ሁሉም ጋ አንድ ይሁን፤ ቅደም ተከተል የማይጠብቅ ዝርዝር ውስጥ አታስቀምጧቸው።

ከዚያ በየተራው የዓለሙን ሁኔታ ወደ አንድ ቁጥር ጨምቁና ተላላኩ። የተለያየበትን ተራ ወዲያው ታውቃላችሁ። ትእዛዞቹንም ፋይል ላይ አስቀምጡ። ኤጅ 2 የተጫወታችሁትን መልሶ የሚያሳያችሁ እንዲህ ነው፤ ቪዲዮ አይደለም፣ ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው ፋይሉ ትንሽ የሆነው።

መጀመሪያ ያለ ምንም ሥዕል አድርጉት። ሁለት ላፕቶፕ፣ መቶ ነጥብ፣ አንድ ትእዛዝ። አንዱ ላፕቶፕ አሮጌ ይሁን።

ኮደር ከአዳማ

አሮጌው አለን፣ የኔ ነው። ፍሎቱን ዛሬ ማታ ማውጣት ጀምረናል፤ ሁሉም ቦታ ነው ያለው። ነጥቦቹ በሁለቱም ላይ እኩል ሲሄዱ ውጤቱን እዚሁ አመጣለሁ። እህታችን ቀስተኛዋ፣ የጨው ነጋዴውን ሐሳብ ልጆቹ ወደውታል፤ ካርታውን ከአፋር ወደ ደጋ የሚወጣ እናደርገዋለን።